ስፔሰር ላስገባ ነው፦ 5 ሚሊ ወይስ 20? የቡሎኑስ ነገር?

ነጭ ሴዳን፦

ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬ ቶዮታ ሴዳን ነው። አብሮት የመጣው ቸርኬ 15 ኢንች፣ ስፋቱ 6፣ ኢቲ (ቸርኬው የሚታሰርበት ፊት ከስፋቱ መሃል ስንት ሚሊ ወደ ውጭ እንደራቀ የሚያሳየው ቁጥር) 45 ነው። አሁን ባለ 17 ኢንች አሉሚኒየም ቸርኬ አግኝቻለሁ፤ ስፋቱ 7፣ ጀርባው ላይ ኢቲ 50 የሚል ተቀርጾበታል። የቡሎኑ አቀማመጥ 5 በ114.3 (አምስት ቡሎን፣ 114.3 ሚሊ ዲያሜትር ባለው ክብ ላይ) ስለሆነ ያለችግር ገባ። ጎማው 205/50 አር 17 ነው፣ ቁመቱ ከድሮው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል።

ያስቸገረኝ የፊቱ ነው። ቸርኬው ወደ ውስጥ ገብቶ ጎማው ከአሞርዛተሩ ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረው። ክፍተቱን ለካሁት፣ 3 ሚሊ ነው። ከኋላ በቂ ቦታ አለ።

መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው ሁለት ዓይነት ስፔሰር (ቸርኬውን ወደ ውጭ ለማውጣት ከጀርባው የሚገባ ብረት) አሳየኝ። አንዱ 5 ሚሊ ዝርግ ሆኖ ቡሎኑ ላይ ዝም ብሎ የሚሰካ ነው። ሌላው 20 ሚሊ ሆኖ የራሱ ቡሎኖች አሉት፤ መጀመሪያ እሱ ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የሚዞረው ብረት) ላይ ይታሰራል፣ ቸርኬው ደግሞ በእሱ ላይ። «5 ካልበቃህ ሁለት ደርብ» አለኝ። አንድ መካኒክ በበኩሉ «ስፔሰር ኩሽኔታ ይበላል፣ ባታስገባ ይሻልሃል» ብሎኛል። ሌላም ያሳሰበኝ ነገር አለ፤ የአዲሱ ቸርኬ የመሃል ቀዳዳ ከሞዞው ይሰፋል፣ ሲገባ ወዲህ ወዲያ ይላል። ይህ ችግር አለው? እስቲ የምታውቁ አካፍሉኝ።

የኋላ እግር፦

ወንድም፣ የኔን ሐሳብ ከፈለግህ አታስገባ። ጓደኛዬ ዝርጉን ስፔሰር አስገብቶ አብረን ስንሄድ ከፊት ግራ በኩል ኳ ኳ የሚል ድምፅ ጀመረ። ቆመን ስናይ ከአምስቱ ዳዶ ሦስቱ በእጅ የሚዞሩ ሆነዋል። ቸርኬው ሲወልቅ የቡሎን ቀዳዳዎቹ ክብ መሆናቸው ቀርቶ ሞላላ ሆነው ነበር። ትንሽ ብንቆይ ጎማው ጥሎን ይሄድ ነበር። ትክክለኛ ልክ ያለው ቸርኬ ፈልግና ለውጥ።

ቶርኖ ሠሪው፦

ነጭ ሴዳን፣ የኋላ እግር የመከረህ ከልቡ ነው፤ ልኩ የገጠመ ቸርኬ ካገኘህ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው። ግን ስፔሰር ሁሉ አንድ አይደለም። ሥራዬ ቶርኖ ላይ ስለሆነ ጥሩውም መጥፎውም በእጄ አልፏል። ስለ ውፍረቱ ከማውራታችን በፊት መሠረቱን እንያዝ።

መኪናውን የሚሸከሙት ቡሎኖቹ የሚመስሉት ሰው ብዙ ነው። አይደሉም። ዳዶው ሲጠብቅ ቡሎኑ በጣም በትንሹ ይለጠጣል፤ ወደ ቦታው ልመለስ ሲል ቸርኬውን ከሞዞው ፊት ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ጎማው ሲገፋም ፍሬን ሲያዝም ኃይሉ የሚተላለፈው ተጣብቀው በተያዙት በሁለቱ ብረቶች ሰበቃ ነው። ባለ 12 ሚሊ ቡሎን በ103 ኒውተን ሜትር ሲጠብቅ (የብዙ ትናንሽ ቶዮታዎች ልክ ይኸው ነው) በግምት 4 ቶን ያህል ይጨብጣል። አምስቱ ሲደመሩ 20 ቶን ገደማ። ይህ ጭብጥ እስካለ ድረስ ቸርኬው በቡሎኑ ጎን ላይ አይደገፍም። ጭብጡ ከላላ ግን ቸርኬው መንሸራተት ይጀምራል፤ ጎማው አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር ቡሎኑ ወዲያና ወዲህ ይታጠፋል፣ እያደር ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻ ይቆረጣል። የኋላ እግር ያየው ሞላላ ቀዳዳ የዚህ ምልክት ነው።

እንግዲህ ስፔሰር ስታስገባ አንድ የነበረው መጋጠሚያ ሁለት ይሆናል። ስፔሰሩ በሁለቱም ፊቱ ለጥ ያለ፣ ውፍረቱ ዙሪያውን እኩል፣ ንጹሕ መሆን አለበት። እኔ ስፔሰር ሲመጣልኝ መጀመሪያ ዙሪያውን በማይክሮሜትር እለካዋለሁ፤ አንዱ ቦታ ከሌላው ከ0.05 ሚሊ በላይ ከተለየ ለማንም አልሰጥም። ሁለት ደርብ ያለህን ሰው አትስማው፤ ሦስት መጋጠሚያ፣ የሁለት ስፔሰር ስሕተት ተደምሮ፣ መሃል ላይ የሚይዘው የለም።

የቡሎኑ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ዳዶው ቢያንስ የቡሎኑን ውፍረት ያህል ጥርስ መያዝ አለበት። ለ12 ሚሊ ቡሎን 12 ሚሊ ማለት ነው። ያንተ ጥርስ 1.5 (በአንድ ዙር 1.5 ሚሊ የሚሄድ) ስለሆነ 8 ሙሉ ዙር ይሆናል። (ለሚያነቡ ሌሎች፦ አብዛኞቹ ኒሳኖች ላይ ጥርሱ 1.25 ነው፤ እዚያ 10 ዙር ገደማ ቁጠሩ።)

ስለዚህ ሦስት ነገር ለካና ንገረኝ። አዲሱ ቸርኬ ያለ ስፔሰር ሲገባ ዳዶው ጥርስ ከያዘበት እስከሚቀመጥበት ስንት ዙር በእጅ ይዞራል? ከሞዞው መሃል ወጣ ያለው ክብ አንገት ዲያሜትሩና ከፍታው ስንት ነው? የቸርኬው የመሃል ቀዳዳስ? በማስመሪያ ሳይሆን በቬርኒየር።

ነጭ ሴዳን፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለክቻለሁ። ዳዶው 10 ዙር ይዞራል። የሞዞው አንገት ዲያሜትር 60 ሚሊ ከምናምን፣ ከፍታው 9 ሚሊ። የቸርኬው የመሃል ቀዳዳ 67.1።

ዳዶ 21፦

ባለ 20 ሚሊውን ለሚያስብ ሁሉ ከራሴ ልናገር። ፒክአፕ ላይ ከኋላ 30 ሚሊ ባለቡሎን ስፔሰር አለኝ፣ እስካሁን አላስቸገረኝም። ግን ሰው የማያስበው ነገር አለ። ስፔሰሩን ከሞዞው ጋር የሚያስሩት ዳዶዎች ከቸርኬው ሥር ተደብቀው ነው የሚቀሩት። እነሱን ለማጥበቅ በየጊዜው ጎማ መፍታት ግድ ነው። ጎሚስታ ጋ ሄዶ «አጥብቅልኝ» ሲሉት የሚያጠብቀው የውጭውን ብቻ ነው፤ የውስጡን ማንም አያየውም።

ሁለተኛ፣ የመኪናው ኦሪጂናል ቡሎን ከስፔሰሩ ፊት አልፎ መውጣት የለበትም። ጫፉ ከወጣ ቸርኬው በቡሎኑ ጫፍ ላይ ይቀመጣል እንጂ በስፔሰሩ ላይ አይቀመጥም። አንዳንድ ቸርኬ በቀዳዳዎቹ መካከል ጎድጓዳ ቦታ ስላለው ጫፉን ይቀበላል፤ የሌለው ቸርኬ ግን በፍጹም።

ቶርኖ ሠሪው፦

ዳዶ 21 በደንብ ነው ያስቀመጥከው፣ በተለይ የውስጡን ዳዶ ነገር። ባለቡሎን ስፔሰር ከ20 ሚሊ በታች እምብዛም የማይሠራውም ለዚሁ ነው፤ ለዳዶው መደበቂያ በቂ ጥልቀት አይገኝም።

ነጭ ሴዳን፣ የሰጠኸኝ ቁጥር ብዙ ነገር ተናገረ። በሒሳብ ላሳይህ።

ቸርኬው ከሞዞው ፊት ስንት ሚሊ ወደ ውስጥ እንደሚገባ ለማወቅ የስፋቱን ግማሽ ከኢቲው ጋር ደምር። የድሮው 6 ኢንች 152.4 ሚሊ ነው፤ ግማሹ 76.2፣ በ45 ላይ ሲደመር 121.2። የአዲሱ 7 ኢንች 177.8 ነው፤ ግማሹ 88.9፣ በ50 ላይ ሲደመር 138.9። ስለዚህ ውስጠኛው ጠርዝ 17.7 ሚሊ ወደ አሞርዛተሩ ተጠግቷል። ወደ ውጭ ለማወቅ ደግሞ ከግማሹ ላይ ኢቲውን ቀንስ፤ 31.2 የነበረው 38.9 ሆኗል፣ 7.7 ሚሊ ወደ ፓራፋንጎው። ስፔሰር ስታስገባ ውፍረቱ ከኢቲው ላይ ይቀነሳል፤ 10 ሚሊ ብታስገባ ኢቲ 50 የነበረው 40 ሆነ ማለት ነው።

አሁን ክፍተቱ። የፊት አሞርዛተርህ ከጎማው ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ መሪ ሲዞርም አብሮ ይዞራል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት የሚጠበው ጎማው ራሱ ሲተጣጠፍ ብቻ ነው። ስለዚህ 20 ሚሊ የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም። 10 ሚሊ ብታደርግ 3 የነበረው 13 ይሆናል፣ በቂ ነው። 20 ብታደርግ የውጭው ጠርዝ ከድሮው 27.7 ሚሊ ይወጣና ሰው ሞልተህ ጉድጓድ ስትገባ ፓራፋንጎውን የሚፈጭ ጎማ ይሆንብሃል።

5 ሚሊው ዝርግስ? ክፍተቱ 8 ሚሊ ይሆናል፣ ለክፍተቱ ይበቃል። ጥርሱ ግን አይበቃም። 5 ሚሊ በ1.5 ሲካፈል 3.3 ዙር ይበላብሃል፤ ከ10 ላይ ሲቀነስ 6.7። ከ8 በታች ነው። ያም ሆነ ይህ ረጅም ቡሎን ያስፈልግሃል። ረጅም ቡሎን ካስገባህ ደግሞ በደካማው ስፔሰር ላይ የምትጣበቅበት ምክንያት የለም።

የመሃል ቀዳዳው ነገር አሳስቦህ ነበር፤ ይህ ለአንተ ጥሩ ዜና ነው። 60.1 የቶዮታ ልክ ነው፣ 67.1 እንደ ማዝዳ፣ ሚትሱቢሺና ሃዩንዳይ ያሉት ላይ የሚገኝ። ቸርኬው በሞዞው አንገት ላይ ካልተቀመጠ መሃሉን የሚያገኘው በዳዶዎቹ ሾጣጣ ብቻ ነው፤ አንዱ ዳዶ ቀድሞ ከጠበቀ ቸርኬው ትንሽ ወደ ጎን ይቀራል፣ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ስትነዳ መሪው ይንቀጠቀጣል። ባላንስ ብታስደርገው አይድንም፣ ምክንያቱም ቸርኬው ራሱ ጉድለት የለበትም።

የቸርኬውና የሞዞው ልክ አንድ ዓይነት በሆነበት መኪና ላይ ለቀጭን ስፔሰር አንገት ማውጣት አይቻልም፤ የሞዞው አንገት ቦታውን ይዞታል። ያንተ ግን በ60.1 እና በ67.1 መካከል 7 ሚሊ ልዩነት አለ፣ በየጎኑ 3.5 ሚሊ። ይህ አንገት ለማውጣት የሚበቃ ግድግዳ ነው። ስለዚህ እንዲህ የሚል አሠራ፦ ውፍረቱ 10 ሚሊ፣ የውስጥ ቀዳዳው 60.1፣ ከፊቱ በ67.1 ዲያሜትር የወጣ አንገት፣ 6061 ቲ6 ከሚባለው ጠንካራ የአሉሚኒየም ዓይነት ወይም ከዚያ ከጠነከረ። ቀልጦ ከተፈሰሰ አሉሚኒየም የተሠራ አልቀበልም፤ ውስጡ ያለውን አረፋ በዓይን አታየውም። ስፔሰሩ በሞዞው ላይ፣ ቸርኬው በስፔሰሩ ላይ ጥብቅ ብለው ይቀመጣሉ። ዛሬ የሚወዛወዘው ቸርኬህ ያኔ መሃሉን ያገኛል።

ለሚሠራልህ ሰው ይህችን ንገረው፤ ቶርኖ ላይ ብዙ ጊዜ የምትረሳ ናት። የሞዞው አንገት ከፊቱ ጋር በሚገናኝበት ሥር ላይ ጥግ የለም፣ በትንሽ ቅስት ነው የሚገናኘው። የስፔሰሩ የውስጥ ቀዳዳ ጠርዝ ሹል ከሆነ በዚያ ቅስት ላይ ይንጠለጠላል፤ በዓይን ስታየው የተቀመጠ ይመስላል፣ ግን ከፀጉር የማይበልጥ አየር ከሥሩ አለ። ዳዶውን ስታጠብቅ ጠብቋል ይልሃል፤ ጥቂት ከተነዳ በኋላ ያቺ ጠርዝ ትጨፈለቅና 4 ቶን ያልነው ጭብጥ ይጠፋል። «ላላብኝ» ከሚሉት ውስጥ ብዙዎቹ ጋ ያየሁት ይህንኑ ነው። ስለዚህ የውስጥ ጠርዙ በ45 ዲግሪ አንድ ሚሊ ተኩል ያህል ይቆረጥ።

ሲገጠም፦ ሞዞው ላይ የሚቀመጠውን የፍሬን ዲስክ ለመያዝ ከፋብሪካ ቡሎኑ ላይ የተሰካች ቀጭን የቆርቆሮ ቀለበት ካለች አውጣት፣ እሷም ስፔሰሩን ታንጠለጥላለች። የዲስኩን ፊት፣ የአንገቱን ዙሪያ በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪታይ ፋቅ። ቀለም አትቀባ፣ ፊቱ ላይም ሆነ ጥርሱ ላይ ግራሶ አታስገባ፤ ጥርሱ ላይ ግራሶ ካለ ቶርክ ሬንቹ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካው መፍቻ) 103 እያለህ ቡሎኑ ከልኩ በላይ ይለጠጣል። ዝገት እንዳይዘው አንገቱ ላይ ብቻ እጅግ በስሱ ቢነካ አይጎዳም። ከዚያ የዲስኩን ፊት በማርከር አቅልመህ ስፔሰሩን አስረህ መልሰህ ፍታው። ቀለሙ በስፔሰሩ ጀርባ ላይ ዙሪያውን ከታተመ ተቀምጧል። በአንድ ወገን ብቻ ከታተመ ተንጠልጥሏል፣ አትንዳው።

ቡሎኑ ከኦሪጂናሉ 10 ሚሊ የሚረዝም ይሁን፤ ሞዞው ውስጥ የሚነክሰው ጥርሳም ሥሩ ከድሮው ጋር ትክክል ይሁን። ቀጭን ከሆነ ዳዶው ሲጠብቅ አብሮ ይዞራል። በአየር በሚሠራው መፍቻ እየጎተቱ እንዳያስገቡት፤ በፕሬስ ይግባ፣ ጭንቅላቱም ከጀርባ ተጣብቆ መቀመጡን አይተህ አረጋግጥ።

የኋላ እግር፦

ዝርዝሩን ሳነበው የጓደኛዬ ስፔሰር አንዱንም አያሟላም ነበር። ግን ኩሽኔታው? መሪውስ? ጎማው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር ጫናው ይጨምራል የሚባለው እኮ እውነት ነው።

ቶርኖ ሠሪው፦

እውነት ነው፣ ጥያቄው ምን ያህል የሚለው ነው። ለኩሽኔታው የሚቆጠረው የጎማው መሃል መስመር የት ላይ አረፈ የሚለው ነው። ፋብሪካው ኢቲ 45 ብሎ ሠራው። አዲሱ ቸርኬ ከ10 ሚሊ ስፔሰር ጋር ኢቲ 40 ሆነ። ልዩነቱ 5 ሚሊ ብቻ ነው። ያለ ስፔሰር ቢሆን ደግሞ ኢቲ 50 ነበር፣ ያም ከፋብሪካው በ5 ሚሊ ይለያል፣ በሌላኛው አቅጣጫ። 20 ሚሊውን ቢያስገባ ግን ኢቲ 30፣ ልዩነቱ 15 ሚሊ። ያኔ የመካኒኩ ማስጠንቀቂያ ክብደት ይኖረዋል፤ ኩሽኔታው ብቻ ሳይሆን መሪውም ጉድጓድ ሲያገኝ እጅ ይመታል፣ አንዱ ፍሬን ከሌላው ቀድሞ ሲይዝ መኪናው ወደ ጎን ይጎትታል። ስለዚህ ሰው «ስንት ሚሊ ስፔሰር አስገባህ» ብሎ ሲጠይቅህ ብቻውን ምንም አይነግረውም፤ ከፋብሪካው ኢቲ ስንት ራቅህ ነው መባል ያለበት።

ይህም ሲባል የአገሩ የመኪና ምርመራ ስፔሰር ይፈቅዳል ወይ፣ ኢንሹራንሱስ ምን ይላል የሚለውን ከመሥራትህ በፊት ጠይቅ። አንዳንድ ቦታ ጨርሶ ክልክል ነው።

ነጭ ሴዳን፦

ጋሼ፣ ተሠርቶ ገባ። የማርከሩን ነገር አደረግሁት፤ አንደኛው ዙሪያውን ታትሟል፣ ሁለተኛው ግን በታች በኩል ብቻ ነበር። ፈትቼ ሳየው ዲስኩ ላይ የቀረ የዝገት ቅርፊት ነው፤ ከፋቅሁት በኋላ ታተመ። ዳዶው አሁን 10 ዙር ይዞራል። የጠበቀው በ103 ነው፣ በኮከብ ቅርጽ እየዘለልኩ፣ ጎማው መሬት ሳይነካ መጀመሪያ በግማሽ፣ ከዚያ ከክሪክ አውርጄ ሙሉውን። መሪውም አይንቀጠቀጥም።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ከስንት ኪሎ ሜትር በኋላ ልድገመው? ስኮርታዬስ? የድሮው ባለ 15 ኢንች ብረት ቸርኬ ነው፤ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ጎማ ቢተነፍስብኝ ስፔሰሩን ማውጣት አለብኝ?

ቶርኖ ሠሪው፦

ጎበዝ። ያንን የዝገት ቅርፊት በእጅህ ማግኘትህ ደስ አሰኝቶኛል።

ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ፣ ሞዞው ሲቀዘቅዝ፣ በቶርክ ሬንቹ ድገመው። ዳዶው ከዞረ ትንሽ ነድተህ እንደገና ፈትሽ። በሁለተኛውም ከዞረ ፈትተህ ፊቱን እይ፤ የተቀመጠ ነገር ደጋግሞ አይላላም። ከዚያ ወዲያ ጎማ በተፈታ ቁጥር እንደ አዲስ ቁጠረው፣ ጎሚስታው ጋም ስትሄድ ስፔሰር እንዳለው ቀድመህ ንገረው።

የስኮርታውን ጥያቄ ስላነሳህ ጥሩ አደረግህ። የብረቱ ቸርኬ የመሃል ቀዳዳው ለ60.1 የተሠራ ነው፣ በስፔሰሩ 67.1 አንገት ላይ አይገባም። ስለዚህ አዎ፣ ስፔሰሩ ይወጣል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስፔሰሩ ሲወጣ ቡሎኑ በ10 ሚሊ ይረዝማል፣ የብረት ቸርኬ ደግሞ ከአሉሚኒየሙ ይሳሳል። አፉ የተደፈነ ዳዶ ከሆነ የያዝከው፣ የቡሎኑ ጫፍ የዳዶውን ጣሪያ ይነካና ይቆማል። መፍቻው ጠበቀ ይልሃል፣ ቸርኬው ግን አልተጨበጠም። ስለዚህ ሁለቱም አፋቸው ክፍት የሆኑ፣ ለብረቱ ቸርኬ የሚሆን ሾጣጣ ያላቸው አምስት ዳዶዎች በጨርቅ ጠቅልለህ ከስኮርታው ጋር አስቀምጥ። አንድ ቀን ቤትህ ተረጋግተህ ስኮርታውን በእነዚህ ዳዶዎች ፊት ላይ አስረህ ሞክረው፤ ከጠበቀ በኋላ ቸርኬውን በሁለት እጅህ ይዘህ ነቅንቀው፣ የቡሎኑም ጫፍ በዳዶው በኩል ወጥቶ መታየት አለበት። የኋላው ቡሎን ስላልተነካ እዚያ የድሮዎቹ ዳዶዎች ይሠራሉ፤ እንዳይደባለቁብህ በተለያየ ከረጢት አድርጋቸው።